መንኮራኩር ሠሪው መንኮራኩሩን የጣለ ዕለት

(ለግንባታ ማሽነሪ ሠልጣኞች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ። ፈተና የለም።

እሺ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። «ካተርፒላር» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዱ «ዶዘር» አለኝ። ሌላው «ቢጫ ማሽን» አለ። ከኋላ «ሞተሩ የማይሞት» ያለም ሰምቻለሁ፤ እሱ ኦፕሬተር መሆን አለበት። ማናችሁም አልተሳሳታችሁም። ቃሉ ግን በእንግሊዝኛ አባጨጓሬ ማለት ነው። ያቺ ቅጠል ላይ የምትገኘው፣ ስትነካ የምታሳክከው ፀጉራም ትል። እንግዲህ በልጅነታችን መንገድ ሲሠራ «ካታፒላው መጣ!» እያልን የሮጥን ሁሉ «አባጨጓሬው መጣ!» እያልን ነበር።

ስሙ ከየት እንደመጣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውዬው። ቤንጃሚን ሆልት ይባላል። አሜሪካዊ ነው። «ባለ ሰንሰለት ትራክተርን የፈለሰፈው ሰው» ተብሎ ብዙ ቦታ ተጽፎለታል። እኔ ይህን አባባል ዛሬ ትንሽ ልነካካው ነው። ሰንሰለቱን መጀመሪያ ያሰበው እሱ አይደለም። ሁለተኛም ሦስተኛም አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። የዚህ ሰው የቤተሰቡ እንጀራ መንኮራኩር ነበር። የጋሪ እግር ሠርቶ መሸጥ። ያ መንኮራኩር ሠሪ ነው አንድ ቀን መንኮራኩሩን አውልቆ የጣለው።

ከዚያ በፊት ግን ሰንሰለት ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ኦፕሬተሮቹ ታገሡኝ።

ያደግሁበት ሰፈር ክረምት ሲገባ ማጥ ነበር። ጫማ ይዞ የሚያስቀር ጭቃ። አንድ ጎረቤታችን ሁለት ጣውላ ነበራቸው። አንዱን ጭቃው ላይ ይጥሉና ይቆሙበታል። ሁለተኛውን ከፊታቸው ይጥላሉ፤ ይረግጡታል። ከዚያ ዞር ብለው የኋላውን ያነሱና እንደገና ከፊት ያደርጉታል። እንዲህ እያሉ በንጹሕ ጫማ አስፋልቱ ላይ ይደርሳሉ። እኛ ልጆቹ እንስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን ጭቃ ነክቷቸው አያውቅም።

ሰንሰለት ማለት ይኸው ነው። ጣውላዎቹን በሰንሰለት አያይዟቸው። ከኋላ የተነሳው ጣውላ በላይ በኩል ዞሮ ከፊት ይውደቅ። ማሽኑ የራሱን መንገድ ራሱ ያነጥፋል፣ ይሄድበታል፣ ያነሳዋል፣ እንደገና ያነጥፈዋል። የማሽኑ ክብደት አልቀነሰም፤ ሰፊ ቦታ ላይ ተከፋፈለ እንጂ። ባለ ቀጭን ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሴት ሣር ላይ ተረከዟ ይሰጥማል። ያችው ሴት ነጠላ ጫማ ብታደርግ አይሰጥምም። ክብደቷ ያው ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው።

ቤንጃሚን ሆልት ጥር 1 ቀን 1849 ተወለደ። ቦታው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ውስጥ ነው። አባቱ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበራቸው። ከዚያ የሚወጣው ጠንካራ እንጨት ለጋሪና ለሠረገላ መሥሪያ ይሸጥ ነበር። የሆልት ልጆች በሰጋቱራ ውስጥ ነው ያደጉት ማለት ይቻላል።

ቻርልስ የሚባለው ወንድም በ1860ዎቹ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው ከጎረፈበት ብዙም አልቆየም። ቻርልስ ወርቅ አልቆፈረም። የጋሪ እንጨትና የመንኮራኩር ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ብልጥ ነው። ወርቅ ያገኘውም ያላገኘውም ጋሪ ያስፈልገዋል። እንጨቱን ምሥራቅ ያለው ቤተሰብ ይልካል፣ እሱ ይሸጣል።

ከዚያ ችግር መጣ። በእርጥቡ ኒው ሃምፕሸር የደረቀ እንጨት የካሊፎርኒያ ሸለቆ ሐሩር ሲያገኘው እንደገና ይደርቃል። ይኮማተራል። የመንኮራኩሩ በትሮች ከቦታቸው ይላላሉ። የብረት ቸርኬው ይወልቃል። ደንበኛ በገዛው በዓመቱ የተበታተነ መንኮራኩር ይዞ ይመጣል። የደንበኛ ቁጣ ምን እንደሚመስል ጋራዥ የሠራችሁ ታውቃላችሁ።

መፍትሔው እንጨቱን እዚያው በሐሩሩ አገር ማድረቅ ነበር። በ1883 ስቶክተን በምትባል ከተማ የመንኮራኩር ፋብሪካ አቋቋሙ። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ውስጥ ገባ ያለች የወንዝ ወደብ ናት። ቤንጃሚን ፋብሪካውን ለመምራት መጣ። 34 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት እዚህ ያገኘ ይመስለኛል። ዕቃ የሚፈተነው በተሠራበት አገር አይደለም፤ በሚውልበት አፈርና አየር ነው።

ስቶክተን ዙሪያዋ የስንዴ አገር ነበር። የእርሻው ስፋት ለእኛ ይከብደናል። አንዱን ማጨጃ 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 የሚደርሱ ፈረስና በቅሎዎች ይጎትቱት ነበር። ማጨጃው እየሄደ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ያበጥራል። አርሲና ባሌ «ኮምባይነር» የምትሉት ቅድመ አያት መሆኑ ነው። ችግሩ ማሽኑ በጥርስና በጥርስ የተያያዘ መሆኑ ነው። 30 በቅሎ ደንግጦ ድንገት ሲፈረጥጥ ጥርሱ ይሰበራል። በአጨዳ ወቅት ጥርስ መስበር ማለት የዓመት ገቢን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ሆልት በ1886 ያወጣው ኮምባይነር በጥርሶች ፋንታ ኃይሉን የሚያስተላልፈው በተቀጣጠለ ሰንሰለት ነበር። ሰንሰለት ትንሽ ይላላል፣ ድንጋጤውን ይቀበላል። ቢበጠስም አንዷን ቀለበት ቀይሮ መቀጠል ነው። ይህችን ሰንሰለት ያዙልኝ። ትመለሳለች።

በ1890 ደግሞ በቅሎዎቹን ራሳቸውን የሚተካ የእንፋሎት ትራክተር ሠራ። 22 ቶን ገደማ ይመዝናል። በደረቅ መንገድ እስከ 50 ቶን ጭነት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጎትት ነበር ይባላል። ሰው በእግሩ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ግን 50 ቶን ጭኖ የሚራመድ ሰው አላየሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው ስሙን ቀይሮ ሆልት ማኑፋክቸሪንግ ሆነ፤ ቤንጃሚንም ፕሬዚዳንት።

እዚህ ላይ ነው አፈሩ የሚገባው። እኔ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው አፈሩ ነው ባይ ነኝ።

ከስቶክተን በስተ ምዕራብ ሁለት ትልልቅ ወንዞች ይገናኛሉ። ሳክራሜንቶና ሳን ዋኪን። የሚገናኙበት ቦታ ለሺህ ዓመታት ረግረግ ነበር። ቄጠማ ይበቅላል፣ ይሞታል፣ ውሃ ውስጥ ይቀበራል፣ በላዩ ሌላ ይበቅላል። አፈሩ እንግዲህ አፈር ነው ለማለትም ይከብዳል። የተከማቸ፣ ግማሽ የበሰበሰ ቄጠማ ነው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ስፖንጅ የመሰለ። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙዎቹ ቻይናውያን የሆኑ የጉልበት ሠራተኞች በዙሪያው የአፈር ግድብ ሠርተው፣ ውሃውን አስወጥተው፣ የእርሻ ደሴቶች አደረጉት። ለምነቱ ወደር የለውም። ግን ምንም ነገር አይሸከምም። ፈረሶቹ ራሳቸው እንዳይሰጥሙ እንደ ሳህን የሰፋ ልዩ ጫማ ይደረግላቸው ነበር። የእኛ ዋልካ ክረምት ሲሆን አስቸጋሪ ነው፤ በበጋ ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይኼኛው በበጋም አይምርም።

22 ቶን ብረት እዚህ አፈር ላይ ስታሳርፉ ምን ይሆናል? ዘጭ ነዋ!

መንኮራኩር ሠሪ የሆነ ሰው መፍትሔው ምን ይመስለዋል? ሌላ መንኮራኩር! ሆልትም እንዲሁ አደረገ። መንኮራኩሩን አሰፋው። ሰጠመ። የበለጠ አሰፋው። ከዚያ ከጎኑ ሌላ ጨመረለት። በመጨረሻ አንዱ መንኮራኩር 2.3 ሜትር ቁመትና 1.8 ሜትር ስፋት ደረሰ። በየጎኑ ሦስት ሦስት ተደረደረ። የትራክተሩ ጠቅላላ ስፋት 14 ሜትር ሆነ። አስቡት። ይህ አዳራሽ ይበቃዋል? በየትኛው በር ይገባል? በየትኛው ድልድይ ያልፋል? ሲዞርስ? ዋጋውም ውስብስብነቱም ከአቅም በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ብዙ ሰው የፈጠራ ታሪክ ሲያወራ በዚህ ቦታ ይሮጣል። «አልሠራም፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ፈለሰፈ» ብሎ ያልፋል። መሃል ላይ ከአሥር ዓመት በላይ አለ። ሰውዬው በሚያውቀው ሙያ፣ በሚያውቀው መሣሪያ፣ የማይሆን ነገር እያሳደደ ነበር። ደደብ ስለሆነ አይደለም። በጣም ጎበዝ መንኮራኩር ሠሪ ስለሆነ ነው። እኔም አንድ ጊዜ የሚያንጠባጥብ ራዲያተር እየበየድኩ ሳምንት ፈጅቻለሁ። ብየዳ ስለምችል። መቀየር ነበረብኝ።

በ1903 ሆልት ዞር ብሎ ሌላው ምን እያደረገ እንደሆነ ለማየት ተነሳ። በአሜሪካም በአውሮፓም የተሞከሩትን ሰንሰለቶች አጠና። የሚታይ ነገር ነበር። ሪቻርድ ኤጅዎርዝ የሚባል ሰው «መንገዱን ይዞ የሚሄድ ጋሪ» ዓይነት ሐሳብ በእንግሊዝ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያወጣው በ1770 ነው። ሩሲያ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ የወጣው ፍዮዶር ብሊኖቭ በ1879 ማለቂያ የሌለው ሐዲድ ላለው ጋሪ የባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። አሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ ደግሞ አልቪን ሎምባርድ በ1901 ፓተንት አውጥቶ እየሸጠ ነበር። የሎምባርድ ማሽን የሚገርም ነገር ነው። ከኋላ ሰንሰለት፣ ከፊት የበረዶ ሸርተቴ ያለው የባቡር ሞተር በሉት። በክረምት ከጫካ ግንድ ይጎትታል። መሪውን የሚይዘው ሰው ከማሽኑ ፊት ለፊት፣ ብርድ ላይ ይቀመጣል። ማሽኑ ደግሞ ፍሬን የለውም። ከኋላ የቶን ክምር ግንድ፣ ከፊት ቁልቁለት። ያንን ሥራ የሚቀበል ሰው ደመወዙ ስንት ቢሆን ነው?

እንግሊዝ አገር ግራንተም ከተማ ላይ፣ ሆርንስቢ በሚባለው ኩባንያ፣ ዴቪድ ሮበርትስ የሚባል መሐንዲስም በ1904 የራሱን ሰንሰለት ፓተንት አውጥቷል። የእሱ ሁለቱን ሰንሰለት በተለያየ ፍጥነት እያዞረ የሚታጠፍ ነበር። በዚህ በኩል ከሆልት የቀደመ ነው። የእንግሊዝ ጦር ሞከረው፣ አደነቀው፣ ብዙም አልገዛም። ሆርንስቢ በኋላ መብቱን ለሆልት ሸጠለት። ጥቂት ቆይቶ እንግሊዞች በራሳቸው ሰው የተፈለሰፈውን ሐሳብ ከአሜሪካ በዶላር ይገዙት ጀመር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ስለዚህ «መጀመሪያ የፈለሰፈው ማን ነው?» የሚለው ክርክር ብዙ አይስበኝም። የፈለጋችሁትን ምረጡ።

ኅዳር 24 ቀን 1904። የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱ ቱርክ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ሲጠብስ ሆልትና ሠራተኞቹ ስቶክተን አጠገብ ሮበርትስ ደሴት ላይ ጭቃ ውስጥ ነበሩ። አንዱን የእንፋሎት ትራክተራቸውን ወስደው የኋላ መንኮራኩሮቹን አወለቁ። በምትካቸው በየጎኑ ሰንሰለት ገጠሙ። እያንዳንዱ 2.7 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። መርገጫዎቹ በሰንሰለት ላይ በብሎን የታሰሩ የእንጨት ጉማጆች ናቸው።

ልብ አላችሁ? እንጨቱ የአባትየው መሰንጠቂያ ነው። ሰንሰለቱ የ1886ቱ ኮምባይነር ነው። በሕይወቱ የሚያውቃቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ያስወጣው መንኮራኩሩን ብቻ ነው።

ሁለቱ ሰንሰለቶች ሲደመሩ መሬቱን የሚነኩት ወደ 3 ካሬ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ነው። በዚያው ሰሞን በተደረጉት ሙከራዎች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት ረግረግ ላይ ማሽኑ ይህ ነው የሚባል ዱካ ሳይተው አለፈ። 14 ሜትር የነበረው ጭራቅ ወደ ተራ ትራክተር መጠን ተመለሰ።

አሁን ስሙ። ኩባንያው ቻርልስ ክሌመንትስ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበረው። በ1905 ማሽኑን ሊያነሳ ካሜራውን ተከለ። የድሮ ካሜራ ምስሉን ገልብጦ እንደሚያሳይ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ክሌመንትስ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ሲያይ ትራክተሩ ተገልብጦ፣ ሰንሰለቱ ከላይ ከፍ ዝቅ እያለ ሲሄድ አየ። አባጨጓሬ ይመስላል አለ። ሆልት ሰማው። ስሙ ይኸው ነው፣ ተገኘ አለ ይባላል። በ1910 የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። የእንግሊዝ ወታደሮችም የሆርንስቢን ማሽን ሲያዩ ለብቻቸው ያንኑ ስም አውጥተውለት ነበር። ልዩነቱ አንደኛው ቀልዶ ተወው፣ ሌላኛው አስመዘገበው።

የመጀመሪያው ሽያጭ በ1906 ነው። 5,500 ዶላር። ገዢው ሉዊዚያና ነበር፤ እሱም የረግረግ አገር ነው። ግን እንፋሎት ራሱ ጣጣ ነው። ውሃ ይፈልጋል፣ ማገዶ ይፈልጋል፣ ፍንጣሪው የደረቀ ስንዴ ያቃጥላል። በዚያው ዓመት የሆልት የወንድም ልጅ ፕላይኒ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ላይ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለው ትራክተር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ለመታጠፍ የአንዱን ጎን ፍሪሲዮን ትለቃላችሁ፣ ያ ጎን ይቆማል፣ ሌላው ይገፋል። የሆልት ማሽን ከፊት አንድ መሪ ጎማም ነበረው። መንኮራኩርን ሙሉ በሙሉ ለመጣል ልቡ ያልቆረጠ ይመስላል።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1908 ሎስ አንጀለስ ከተማ ውሃ ከሩቅ ተራራ ለማምጣት 375 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ መሥራት ጀመረች። መሐንዲሱ ዊልያም መልሆላንድ ነው። በሞሃቪ በረሃ ዕቃ ለማመላለስ 28 የሆልት ትራክተር ተገዛ። ለኩባንያው ትልቅ ገበያ ነው። በረሃው ግን ሌላ አፈር ነው። አሸዋው የሰንሰለቱን ቀለበትና ፒን እንደ ሞረድ በላው። ጥገናው ከሥራው በለጠ። መጨረሻ ላይ ከብዙዎቹ መንገዶች ትራክተሩ ተነስቶ በቅሎ ተመለሰ። ለጭቃ የተሠራ ዕቃ አሸዋ ላይ ተዋረደ። ልክ ለኒው ሃምፕሸር የደረቀው እንጨት ስቶክተን ላይ እንደተዋረደው። ሆልት ግን የተሰበረውን ሁሉ እየመዘገበ አሻሻለው። በነጻ የተገኘ ቤተ ሙከራ ሆነለት፤ የከፈለችው ሎስ አንጀለስ ናት።

በዚያው 1908 ዋና ተፎካካሪውን ዳንኤል ቤስትን በ325,000 ዶላር ገዛ። የቤስት ልጅ ክላረንስ ሁለት ዓመት ያህል አብሮ ቆየና ወጥቶ የራሱን ኩባንያ ከፈተ። ባለ ሰንሰለት ትራክተር መሥራትም ጀመረ። ከዚያማ ክስ በክስ። ክላረንስ የሎምባርድን መብት ገዝቶ «ሰንሰለቱ ከአንተ በፊት ነበረ» ብሎ መልሶ ከሰሰው። በ1918 ታረቁ። ሁለቱ ወገኖች በነዚያ ዓመታት ለጠበቃ ያወጡት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ጊዜ ዋጋ። በ5,500 ሂሳብ ስንት ትራክተር ይገዛ እንደነበር እናንተ አስሉት።

ስለ ጦርነቱ ደግሞ አጠር አድርጌ ልናገር። በ1909 ሆልት ኢሊኖይ ግዛት፣ ፒዮሪያ አጠገብ ሁለተኛ ፋብሪካ አገኘ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እንግሊዝም ፈረንሳይም ሩሲያም ከባድ መድፍ የሚጎትት ነገር ፈለጉ። ፈረስ በጭቃና በጥይት ያልቃል። የሆልት ትራክተር ለእርሻ ጭቃ የተሠራ ነው፤ የጦር ሜዳው ጭቃ አላስጨነቀውም። በሺዎች ተላከ።

ከዚያ ሐሳቡ የመጣ ነገር አለ። ኧርነስት ስዊንተን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ስለ ሆልት ትራክተር ከጦርነቱ በፊት ከወዳጁ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። በ1914 ጥቅምት «በሰንሰለት የሚሄድ፣ ብረት የለበሰ ማሽን ይሠራ» ብሎ አለቆቹን መወትወት ጀመረ። አንድ ነገር ልለይ። የእንግሊዝ ታንክ የሆልት ትራክተር ላይ ብረት ተለብጦ የተሠራ አይደለም። እንግሊዞች ሆልትን ሞክረው ሌላ ቅርጽ መረጡ፤ በ1916 መስከረም ፈረንሳይ አገር ሶም ላይ ያሰለፉት የራሳቸው ንድፍ ነው። የፈረንሳዮቹ የመጀመሪያ ታንኮች፣ ሽናይደርና ሳን ሻሞን የሚባሉት፣ በቀጥታ በሆልት ትራክተር የታች አካል ላይ የተሠሩ ናቸው። ጀርመኖችም ከሆልት የተቀዳ ሰንሰለት ተጠቅመዋል። ማለትም በአንዱ ጦር ሜዳ፣ በሁለቱም ወገን፣ የስቶክተን አባጨጓሬ ነበረች።

በ1918 ሚያዝያ ስዊንተን፣ ያኔ ጄኔራል ሆኖ፣ ራሱ ስቶክተን መጣ። በሠራተኞቹና በከተማው ሕዝብ ፊት ሆልትን አመሰገነው። ሁለቱ ሲጨባበጡ የተነሳ ፎቶ አለ። 69 ዓመት የሆነው የመንኮራኩር ነጋዴና የንጉሡ ጄኔራል።

የሰንሰለት ነገር እኛም ዘንድ የደረሰው በመንገድ ሥራ ብቻ አይደለም። በ1935 ጣሊያን ሲወረን ትንንሽ ባለ ሰንሰለት ታንኮች ይዞ መጣ። በታኅሣሥ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928፣ ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር ከእነዚህ የተወሰኑትን ማረከ። የእነዚያ ታንኮች መትረየስ ወደ ኋላ አይዞርም። የእኛ ሰዎች ያንን አይተው ከኋላ መጡባቸው። ሰንሰለት ጭቃን ያሸንፋል እንጂ ዓይን አይሆንም። ይህን ያነሳሁት ከመካከላችሁ አንዱ መጠየቁ ስለማይቀር ነው።

ሆልት ታኅሣሥ 5 ቀን 1920 ስቶክተን ውስጥ አረፈ። 71 ዓመቱ ነበር። ጊዜው ለኩባንያው ክፉ ነበር። ጦርነቱ አበቃ፣ መንግሥት መግዛት አቆመ። ያመረቱት ትልልቁ ማሽን ለተራ ገበሬ አይሆንም። በ1925 የሆልትና የቤስት ኩባንያዎች ተዋሐዱ። ያ ሁሉ የጠበቃ ገንዘብ ከፈሰሰ በኋላ! አዲሱ ኩባንያ ስሙን ከፎቶ አንሺው ቀልድ ወሰደ። ዋና መሥሪያ ቤቱም ቆይቶ ወደ ፒዮሪያ ሄደ። ቢጫው ቀለም የመጣው በ1931 መጨረሻ ነው። ሆልት በሕይወቱ ቢጫ ካተርፒላር አላየም።

ከንግግሩ በኋላ አንድ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ያ ረግረግ አሁንስ አለ?» አለኝ።

አለ። አሁንም ይታረሳል። ግን ያ አፈር ውሃ ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ቄጠማ ነው ብዬ ነበር። ውሃው ወጥቶ፣ ታርሶ፣ አየር ሲያገኘው ይበሰብሳል። ቀስ እያለ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይበናል። ነፋስም ይወስደዋል። በዚህ ምክንያት የእርሻ ደሴቶቹ መሬት በየዓመቱ ዝቅ ይላል። አንዳንዱ ቦታ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ከ6 ሜትር በላይ ወርዷል። በጀልባ የሚያልፍ ሰው የአፈር ግድቡን ተሻግሮ ሲያይ ትራክተሮቹ ከእሱ እግር በታች፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲያርሱ ያያል። ማሽኖቹ መስጠም አቁመዋል። አሁን የሚሰጥመው አፈሩ ነው።